የአመለወርቅ የቁም ተዝካር

አመለወርቅ ለተዝካሯ የታሰበውን ድግስ የሰማችው ዓርብ ማለዳ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ በኩል ነው። ታላቅ ወንድሟ ገብረ ሚካኤል ከግድግዳው ወዲያ ከልጇ ከዮዲት ጋር በሹክሹክታ ይነጋገር ነበር፤ የገብረ ሚካኤል ሹክሹክታ ግን አርባ ዓመት ሙሉ በሬ ሲጣራ የኖረ ሰው ሹክሹክታ ነውና፣ የጭቃ ግድግዳ ቀርቶ ወንዝም ይሻገራል።

«በሬው አይነካም ብያለሁ፤ አይነካም» ይላል። «ዳልቻው ለተዝካሯ ነው። የጎተራዬም ገብስ ለጠላው ነው። ነገ ሰው ምን ይለናል?»

«አጎቴ፣ እማ እኮ አልሞተችም።»

«ሞታለች ወጣኝ? እንዘጋጅ ነው ያልኩት።»

አመለወርቅ ጣሪያው ላይ ያለችውን የቆርቆሮ ቀዳዳ እያየች ተጋደመች። ገብረ ሚካኤል ዳልቻውን ከገጠር እየነዳ ያመጣው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። በሬው የእሷ ነው፤ ገና ወይፈን ሳለ በቅቤ ትርፏ ገዝታ ወንድሟ ጋጥ አስገባችው፣ የሚበላውንም ፋጉሎ ከከተማ በአህያ ስትልክለት ሁለት ዓመት ሆናት። ዛሬ ዳልቻው ወፍሮ ወፍሮ፣ በአጥሩ በር ሲገባ አጥሩ ትንፋሹን የሚይዝ ሠንጋ ሆኗል። ትናንት ወንድሟ ገመዱን ይዞ ሲገባ ለመድኃኒቷ ሊሸጥላት ያመጣው መስሏት፣ በዮዲት ፊት ትከሻውን ስማው ነበር። ለካስ ያመጣው፣ ቀኑ ሲደርስ ከገጠር መንዳት እንዳያስቸግር ነው።

የግራ ጡቷን ባሕር ዳር ትታ ከመጣች አምስት ሳምንቷ ነው። ሐኪሙ «ቆርጠን አውጥተነዋል፤ ግን አላለቀም። ኬሞ ስድስት ጊዜ፣ በየሃያ አንድ ቀኑ። የመጀመሪያውን ከአምስት ሳምንት በላይ እንዳታቆዪው» ብሏታል፤ ቀኑ የፊታችን ሰኞ ነው። የጤና መድን ደብተር አላት፤ በየዓመቱ ከፍላለች፤ ደብተሩ መድኃኒቱን ይሸፍናል፤ የሚሸፍነው መድኃኒት ግን «ለጊዜው የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይባላል። ከውጭ ሲገዛ ከምርመራው፣ ከአልጋ ኪራዩና ከመሳፈሪያው ጋር አንዱ ዙር ሃያ ሁለት ሺህ ብር ነው። ለቀዶ ጥገናው የወርቅ ጉትቻዋ ሄዷል፤ ሁለት በጎቿ ሄደዋል፤ ሃያ ዓመት ቅቤ የሸጠችበት መደብ ከነሚዛኑ ሄዷል። ቤቱ ውስጥ የቀረው የቅቤ ሽታ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚገዛ አልተገኘም።

ሻይ ተፈላ። ሦስቱም በአንዲት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ገብረ ሚካኤል ዳቦውን ቆርሶ መጀመሪያ ለእህቱ ሰጣት፤ ይወዳታል። የታመመው እሷ ሳትሆን እሱ እስኪመስል ድረስ በአምስት ሳምንት ጉንጩ ገብቷል። የበሽታውን ስም እንኳ አፉ አያወጣም፤ «ያ ነገር» ይለዋል። ነገር ግን ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የአባታቸው ተዝካር ላይ ጠላው ቀጠነ ተብሎ፣ ይህ ወሬ እስከ ዛሬ ድረስ በየሠርጉ ይነሳበታል፤ ሰካራሙ ሁሉ «እንደ እነገብረ ሚካኤል ጠላ ውሃውን አብዛው» ይላል። ይህንን አመለወርቅ ታውቃለች። ዮዲት ስልኳን ትነካካለች፤ ኔትወርክ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነው፣ የምትነካካው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ውጭ ዳልቻው ጭድ ሲያኝክ ብቻ ይሰማል፤ ሲያኝክም ደልቶት ነው።

አመለወርቅ ሻይዋን ጨርሳ ነጠላዋን አጣፋችና «ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ» አለች። ገብረ ሚካኤል «ደግ ነው፤ ነፍስሽን አስቢ» አላት። «እሷን እኮ ነው የማስበው» ብላው ወጣች።

የንስሐ አባቷ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣ በቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ፣ ደብሩ አጥር ሥር ባለች ጎጆ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚመጣውን ሰው በእርምጃው ያውቁታል፤ አመለወርቅን ግን ገና አጥሩ ሳትደርስ በሳቋ ይለዩዋት ነበርና ዛሬ ዝም ብላ ስትመጣ እስክትናገር ድረስ አላወቋትም። ጉልበታቸውን ስማ ተቀመጠች።

«የኔታ፣ የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አለ አይደል?»

«አለ። ልጅ የሌለው ወይ ወራሹን የማያምን በቁሙ ያወጣል። ምነው አመተ ሥላሴ?» በክርስትና ስሟ ነው የሚጠሯት።

«አንዴ በቁሜ ካወጣሁ፣ ስሞት ዘመዶቼ እንደገና የማውጣት ግዴታ አለባቸው?»

መሪጌታ አገጫቸውን አሹ። «ፍትሐቱ አይቀርም። ተዝካሩ ግን ወጥቷል፤ አንድ ሰው ሁለት ተዝካር አያስፈልገውም።»

«በሬ ካልታረደ ተዝካር አይባልም የሚል መጽሐፍስ አለ?»

«እኔ የማውቀው መጽሐፍ ድሃ ይብላ ይላል» አሉ። «ስለ በሬው የሚናገረው ጎረቤት ነው።»

አመለወርቅ በአምስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ያኔ መሪጌታ «አሃ፣ አሁን ገና አንች ሆንሽ!» አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ተዝካሬ ነው፤ ተማሪዎችዎንም ካህናቱንም ይጥሩልኝ።»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። ጾም ነው፤ ሥጋ የለም።»

«ስለዚህ እኮ ነው ዛሬ የሆነው፣ የኔታ።»

አርብ ገበያ በገበያ ቀኑ ሰው፣ አህያና አቧራ እኩል የሚራመዱበት ከተማ ነው። አመለወርቅ ግራ እጇ ስለሚያብጥባት በቀኟ ብቻ ዘንቢል አንጠልጥላ ዞረች። ለመሳፈሪያ ከቋጠረችው ብር ላይ ከዳቦ ቤቱ አምሳ ዳቦ ባሥር ባሥር ብር ገዛች። ሦስት ኪሎ ሽምብራና ሁለት ኪሎ ስንዴ ለንፍሮው ገዝታ፣ ጠላ ሻጯ ሰርኬ ቤት አስቀቀለችው፤ እዚያው አንድ ጀሪካን ጠላ በስድስት መቶ ብር ተዋዋለች። ጠቅላላ ተዝካሯ ሁለት ሺህ ብር አልሞላም። ሰርኬ ድስቱን እያማሰለች «ለምንድን ነው?» አለቻት።

«ለተዝካር።»

«ነፍስ ይማር! የማን?»

«የእኔ።»

ሰርኬ ማማሰያዋን አስቀምጣ ወጣች። ሰርኬ ወሬ ይዛ ከወጣች፣ ንፍሮው ሳይበስል ወሬው እስቴ ደርሶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። ችግሩ ወሬው በመንገድ ላይ ግማሹን ጥሎ መሄዱ ነው፤ የበርበሬ ተራ ሲደርስ «የአመለወርቅ ተዝካር ዛሬ ነው» ብቻ ሆኖ ደረሰ። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ደብሩ ቅጥር ግቢ ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው «ወይኔ አመለ! ተቀብረሽ አርባሽ እስኪወጣ ሳልሰማ!» እያሉ ሲገቡ፣ አመለወርቅ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ዳቦ ታድላለች። አንደኛዋ ተሾመች የምትባለው ሽንኩርት ነጋዴ እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። አመለወርቅ ዳቦውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ብይ እንጂ እታለም፤ እኔ ሳለሁ ማን ይከለክልሻል?»

ካህናቱ፣ ሰባት የድጓ ተማሪዎችና ደጀ ሰላም ላይ የሚውሉት ድሆች ሣሩ ላይ ተደርድረው በሉ። ንፍሮው ጨው በዝቶበታል የሚል አልጠፋም፤ አመለወርቅም «ቅሬታ ካለ አሁን፤ በኋላ አልሰማም» አለች። መሪጌታ ለምርቃት ቆሙና እጃቸውን ዘርግተው ከልማዳቸው የተነሳ «ነፍሷን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ…» ብለው ሲጀምሩ «ኧረ የኔታ፣ አይቸኩሉ!» ብላ አቋረጠቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነፍሷን ይማርልን፣ ሥጋዋንም ያኑርልን፤ ዕድሜ ለንስሐ ይስጥልን፤ ተዝካሯ ወጥቷል፣ ሰምታችኋል!» አሉ። ግቢው በሙሉ «አሜን» አለ።

ከአሜኑ በኋላ የመጣው ገብረ ሚካኤል ነው። የሮጠ ሰው ነው፤ ጋቢው በአንድ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ንፍሮውን በሰዎቹ እጅ ላይ አየ፤ ጀሪካኑን አየ፤ እህቱን አየ።

«ምን ሠርተሽ ነው? እኔን በቁሜ ገደልሽኝ እኮ! በንፍሮ ተዝካር? በጀሪካን ጠላ? የበሬ ቀንድ ሳይታይበት?»

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ አያ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ። «ለደብሩ ካህናት በጾም ቀን ጥሬ ሥጋ ላቅርብላቸው? አንተ ታቀርብ ነበር?»

አንዱ ዲያቆን ሳቁን በዳቦ አፈነ። ገብረ ሚካኤል ወደ መሪጌታ ዞረ፤ እሳቸውም «ወጥቷል ልጄ፤ እኔ መስክሬያለሁ» ብለው ተቀመጡ። አንዲት አሮጊት ንፍሮ ዘግና ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ዞሮ ሄደ። አመለወርቅ ጀርባውን እስኪጠፋ አየችው፤ ከዚያ ጀሪካኑን አዘቅዝቃ የቀረውን ለድሆቹ አካፈለችና ወደ ቤቷ ሄደች። ከእንግዲህ ዳልቻው የማንም ተዝካር አይደለም።

ዮዲት ከምትሠራበት ከወረዳው ቢሮ ፈቃድ ጠይቃ መጥታ አጥሩ በር ላይ ደረሰችባት። «እማ፣ ሴት ብቻዋን የበሬ ገበያ ትገባለች እንዴ?» አለቻት። «ብቻዬን አይደለሁም፤ በሬው አለ» አለች አመለወርቅ። እናት ገመዱን በቀኝ እጇ ይዛ ከፊት፣ ልጅ አለንጋ ይዛ ከኋላ፣ ዳልቻው ከመሃል እንደ ሙሽራ እየተጎማለለ የበሬ ተራ ገቡ። ወንዶቹ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ዞረው አዩአቸው፤ ሳል በዛ።

ገዛኸኝ ከንፋስ መውጫ የሚመጣ ሠንጋ ነጋዴ ነው፤ አይሱዙውን ገበያው ዳር አቁሞ አምስት በሬ ጭኗል። ዳልቻውን ዞረው፤ ሽንጡን ጨበጠው፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን አየ። አመለወርቅ ሃያ ዓመት ቅቤ ስትሸጥ አፏን ያሠለጠነች ናትና ዝም ልትለው አልቻለችም።

«ይህንን በሬ በጥርሱ አትመዝነው» አለችው። «ባለፈው ክረምት ከጉና ተራራ የወረደው ጉም ማሳውን ሁሉ ሲውጠው፣ ይሄው በሬ በቀንዱ ወግቶ መልሶታል። ከዚያ ወዲህ ጉና ራሱ ሲያየው መንገድ ይለቃል።»

«ጉናንስ አብረሽ ትሸጭልኛለሽ?»

«ዋጋህን አሳምር እንጂ እጨምርልሃለሁ።»

ሰው ሳቀ። ገዛኸኝ ሰማንያ ሺህ አለ፤ መቶ ሃያ አለችው፤ በመሃል ተኮራረፉ፣ ተያዩ፣ ተላቀቁ፣ እንደገና ተያያዙና ዘጠና ሰባት ሺህ ላይ እጅ ለእጅ ተማቱ። ገዛኸኝ ከጃኬቱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ብር አወጣና ሊሰጣት ሲል ቆም አለ።

«ዋስሽ ማነው?»

የበሬ ገበያ ሕግ ነው። የተሰረቀ በሬ ገዝቶ በኋላ ከመኪና ላይ እንዳይወርድበት፣ ገዢ «የዚህ ሰው ነው» የሚል የታወቀ ሰው ይፈልጋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ሌባው ስለበዛ ያለ ዋስ ጅራትም አይሸጥም። አመለወርቅ ዙሪያዋን አየች። ዮዲት የቤተሰብ ሰው ስለሆነች አትበቃም፣ ልጅም ናት። ገበያው ውስጥ አመለወርቅን የማያውቅ የለም፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ሁሉም የሚያውቃት በምታወራው ነው። አንዱ «በሬውን የማውቀው ገብረ ሚካኤል ጋጥ ነው» አለ። ሌላው «እኔም እዚያ ነው ያየሁት» አለ።

«የእኔ ነው» አለች። «በገንዘቤ ነው የገዛሁት። ታምሜያለሁ፤ ሰኞ መድኃኒቴን መጀመር አለብኝ።»

ገዛኸኝ ብሩን ወደ ጃኬቱ እየመለሰ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ የጉናን ጉም በቀንዱ ወጋ ያልሽኝ አሁን በዚሁ አፍሽ ነው እኮ። እኔ በየቱ ልመንሽ?»

በዕድሜዋ ሙሉ በሐሰቷ ሰው ስታስቅ ኖራ፣ እውነቷ ገዢ አጣ። ዮዲት ማልቀስ ጀመረች። አመለወርቅ ግን ገመዱን አልለቀቀችም። «የሚያውቀኝ ይምጣ!» ብላ ጮኸች፤ ድምጿ ከአህያ ተራው ድረስ ተሰማ። «በዚህ ገበያ ሃያ ዓመት ቅቤ የገዛችሁኝ፣ አንድ ቀን ቅቤዬ ውስጥ ድንች ያገኘ አለ? ያወራሁት ሐሰት ነው፤ የሸጥኩት ግን እውነት ነው!»

በሰዉ መሃል አንድ መንገድ ተከፈተና ገብረ ሚካኤል መጣ። ዱላውን ይዟል። ዳልቻው ድምፁን አውቆ ራሱን ወደ እሱ አዞረ፤ ይሄም ነገሩን አባሰው። ገብረ ሚካኤል በሕይወቱ አንድም ቀን በሐሰት ምሎ የማያውቅ፣ ሁለት ቀበሌ ሲጣላ መሐላ ለመስማት የሚጠራ ሰው ነው። ገዛኸኝም ያውቀዋል።

«አያ ገብረ ሚካኤል፣ በሰዓቱ መጡ። ይህ በሬ የማነው?»

ገብረ ሚካኤል በሬውን አየ፤ እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቀውን ሽንጡን፣ በየማለዳው በጭድ የፈተገውን አንገቱን። «የእኔ ነው» ቢል ሁሉም ያምነዋል። «የእኛ ነው» ቢልም ይበቃል፤ ገበያው ይበተናል፣ በሬው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ጠላውም ገብሱ ሳይጎድል ይጠመቃል፣ በሬ የታረደበት ተዝካር ይወጣል፣ ማንም ስሙን አያነሳበትም። አመለወርቅ አልለመነችውም።

«ተናገር አያ» አለችው። «ምለህ ተናገር። እኔ ካንሰር ይዞኛል፤ አንተን ደግሞ የሰው አፍ ይዞሃል። ሐኪም ያለው ለእኔ ነው። ተናገር።»

ያ ነገር፣ ያ ቤት ውስጥ ስሙ ያልተጠራ ነገር፣ በገበያ መሃል ስሙ ተጠራ። በገብረ ሚካኤል ፊት ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ንዴት ይሁን ኀፍረት አልለየም። ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

«የእሷ ነው» አለ። ወደ ገዛኸኝ ዞሮ ደገመው። «የእሷ ነው። በቅቤዋ ነው የገዛችው፤ ፋጉሎውንም የምትልከው እሷ ናት። የእኔ ጋጡ ብቻ ነው። ዋሷም እኔ ነኝ።»

ገዛኸኝ ዘጠና ሰባቱን ሺህ ቆጥሮ ሰጣት። እሷም ቆጠረች፣ ዮዲትም ቆጠረች፣ ከዚያ አመለወርቅ ወደ አይሱዙው ዞራ በነጠላዋ ተከለለችና ብሩን በመሃረብ ጠቅልላ በግራ በኩል፣ ጡቷ በነበረበት ቦታ ሸጎጠችው። ስትዞር ደረቷ እኩል ሆኖ ነበር። «አየሽ» አለቻት ልጇን፣ «ሐኪሙ የወሰደውን ገበያው መለሰልኝ።» ዮዲት እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

መናኸሪያው ላይ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ ሰው ይጠራል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው፤ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም አያውቅም፤ ዛሬ ንፋስ መውጫ አድሮ፣ ነገ ባሕር ዳር ገብቶ፣ ሰኞን እዚያ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። አመለወርቅ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ ዮዲት ሮጣ የምርመራ ወረቀቶቹን በፌስታል አመጣችላት። ገብረ ሚካኤል በጥቂት እርምጃ ርቀት ከኋላ ይከተላል፤ አይቀርብም፣ አይመለስም። ዮዲት በጣቷ እያሰላች «እማ፣ ይሄ ለአራት ዙር ይበቃል። ስድስት ነው እኮ ያሉት። ለሁለቱስ?» አለች።

«ለሁለቱማ ገብሱ አለ» አለች አመለወርቅ። «የተዝካሬ ገብስ አልነበረም? ተዝካሬ እንደሆነ ወጥቷል።»

ገብረ ሚካኤል ይህንን ሰማ። አመለወርቅ ገብታ ከሹፌሩ ኋላ መስኮቱ ጥግ ያለውን ወንበር ያዘች፤ ግራ እጇን እንዳይነኩባት በነጠላዋ አቅፋ ተቀመጠች። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲንቀጠቀጥ ገብረ ሚካኤል መስኮቱ ሥር መጥቶ ቆመ። ከኪሱ ሁለት የመቶ ብር ኖት አውጥቶ ፌስታሉ ውስጥ ወረቀቶቹ መሃል ከተተ። ሞተሩ ጮኸ።

«አመለ» አላት በመጨረሻ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «መድኃኒቱ አልሆን ቢልስ? ብትሞችስ? ሰው መጥቶ ተዝካሯስ ሲለኝ ምን እለዋለሁ?»

አመለወርቅ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ ሚኒባሱ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ የወንድሟን አገጭ በጣቷ ቀና አደረገችው።

«ተበልቷል በላቸው» አለችው፤ ወደ ሹፌሩም ዞራ «ንዳው» አለችው።